የላቦራቶሪ ውጤትዎ ወዴት ያዘነብላል?

ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በገርጂ አካባቢ የሚኖሩ፣ ከሹፍርና ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ለስኳር ሕመም ክትትል ወደ እኔ ይመላለሱ ነበር። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የሚወስዱ፣ ከምግባቸው የሚጠነቀቁ፣ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው የሚንቀሳቀሱ ታካሚ ናቸው። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው፣ በተለምዶ ኤዋንሲ የምንለው፣ 7.2 በመቶ ነበር። ለዕድሜያቸው ጥሩ የሚባል ውጤት ነው። በቀጣዩ ቀጠሮ ይዘውት የመጡት ወረቀት ግን 8.0 ይላል። «አባቴ፣ ምን ተለወጠ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ዶክተር፣ እኔ ምንም የለወጥኩት ነገር የለም» አሉኝ። እኔ ግን ከእርሳቸው ይልቅ ወረቀቱን አመንኩ። አንድ ተጨማሪ መድኃኒት ጻፍኩላቸው።

በዐሥረኛው ቀን ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። ሌሊት በላብ ተጠምቀው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ አፋቸው እየተሳሰረ ነው ያገኘቻቸው። ስኳራቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር። ልጅቷ ፈጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ባታጠጣቸው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል።

ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሼ ስመረምር የተለወጠው የእርሳቸው ስኳር ሳይሆን የተመረመሩበት ቦታ እንደሆነ ገባኝ። ለቤታቸው ስለሚቀርብ ብቻ ሌላ ላቦራቶሪ ሄደው ኖሯል። በፈቃዳቸው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ክንድ የተቀዳ ደም ለሁለቱም ላቦራቶሪዎች ላክን። አንዱ 7.1፣ ሌላው 7.9 አለ። ከሳምንታት በኋላ ደግመን ስንልክም ልዩነቱ እዚያው ነበር። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብል ነበር ማለት ነው። የላቦራቶሪው ስም በወረቀቱ አናት ላይ ተጽፎ ሳለ ሳላነበው መድኃኒት የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በላቦራቶሪ ሙያ ይህ ዓይነቱ ስህተት ባያስ ይባላል። በአማርኛ ማዘንበል ብንለው ይገልጸዋል። ምን እንደሆነ ለመረዳት ሾላ ገበያ ድረስ በሐሳብ እንሂድ። አንዱ ነጋዴ ሚዛኑ የተበላሸ ነው እንበል፤ አንድ ኪሎ ቡና ሲያስቀምጡበት አንዴ 950 ግራም፣ አንዴ 1050 ግራም ያሳያል። ይህ የሚዋዥቅ ሚዛን ነው፤ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አስመዝኖ ይነቃበታል። ሌላው ነጋዴ ሚዛን ደግሞ ለአንድ ኪሎ ቡና ጠዋትም ማታም 1050 ግራም ያሳያል። ራሱን ስለማይቃረን ታማኝ ይመስላል። ስህተቱን ለማወቅ ክብደቱ በትክክል የታወቀ ድንጋይ ከውጭ አምጥቶ በላዩ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባያስ ማለት ይህ ሁለተኛው ሚዛን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ላቦራቶሪ ትክክለኛ መጠኑ 120 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሆነ የስኳር ናሙና አለው እንበል። ያንን ናሙና ለ20 ቀናት ደጋግሞ ለክቶ አማካይ ውጤቱ 126 ቢሆን፣ ልዩነቱ 6 ነው። 6 ለ120 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 5 በመቶ ይሆናል። ይህ ላቦራቶሪ 5 በመቶ ወደ ላይ ያዘነብላል። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ስለ ባያስ መናገር ግን አይቻልም። ደጋግሞ መለካት የሚያስፈልገው የዕለቱን መዋዠቅ ከቋሚው ማዘንበል ለመለየት ነው።

«5 በመቶ ምን አላት?» ይሉ ይሆናል። በጾም የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል እንላለን፤ በሌላ ቀን ተደግሞ ሲረጋገጥም ሕመሙ አለ እንላለን። ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ ቅድመ ስኳር ነው። እንግዲህ እውነተኛው ስኳርዎ 124 ነው ብለን እናስብ። 5 በመቶ ወደ ላይ የሚያዘነብለው ላቦራቶሪ 130 ብሎ ይጽፋል፤ 5 በመቶ ወደ ታች የሚያዘነብለው 118 ይላል። በመጀመሪያው ወረቀት የስኳር ታማሚ ነዎት፣ በሁለተኛው አይደሉም። «ድገመው» ብዬ ወደዚያው ላቦራቶሪ ብመልስዎ እንኳ ያው ያዘነበለ ሚዛን ያንኑ ይደግምልኛል። የዕድሜ ልክ መድኃኒት፣ የኢንሹራንስ ፎርም፣ የቤተሰብ ጭንቀት ሁሉ በዚያች 5 በመቶ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ተቃራኒውም አለ። እውነተኛ ስኳሩ 130 የሆነ ሰው 123 ተብሎ «ደህና ነህ፣ ምግብህን አስተካክል» ተብሎ ይሸኛል፤ ዓይኑና ኩላሊቱ በዝምታ ይጎዳሉ።

ይህ ጉዳይ በተለይ እኔ በምሠራበት በምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል ትኩረት ይሻል። ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነሥተው በሃያ ሁለት፣ በመገናኛ፣ በሲኤምሲ አድርገው እስከ አያትና ሰሚት ቢዘልቁ በየሕንፃው ክሊኒክና የምርመራ ማዕከል ያገኛሉ። ይህ ለነዋሪው በረከት ነው፤ ደም ለመስጠት ከተማ አቋርጦ መሄድ ቀርቷል። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ማሽን፣ የራሱ ሪኤጀንት፣ የራሱ አሠራር አለው። ታካሚው ደግሞ እንደ ዋጋውና እንደ ትራፊኩ ሁኔታ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ይመረመራል። እኛ ሐኪሞችም በተለያየ ሚዛን የተመዘኑትን ቁጥሮች በአንድ ፋይል ላይ ደርድረን «ጨመረ፣ ቀነሰ» እንላለን።

ላቦራቶሪዎች ጥራታቸውን አይቆጣጠሩም ማለቴ ግን አይደለም። ጥሩ ላቦራቶሪ ጠዋት የመጀመሪያውን ታካሚ ደም ከመመርመሩ በፊት ኮንትሮል የሚባለውን ናሙና ይለካል፤ ውጤቱን መሃል መስመርና የላይና የታች ገደብ ባለው ሰንጠረዥ ላይ ያሰፍራል። ይህ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1950 ዘዴውን ለላቦራቶሪ ባስተዋወቁት ሰዎች ስም ሌቪ ጄኒንግስ ይባላል። ችግሩ መሃል መስመሩ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መስመሩ የሚሰመረው ላቦራቶሪው ራሱ ኮንትሮሉን ደጋግሞ ለክቶ ባገኘው አማካይ ነው። ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያዘነበለ ከሆነ መስመሩም አብሮ ያዘነብላል። ነጥቦቹ በመስመሩ ዙሪያ በሥርዓት ይደረደራሉ፤ ሰንጠረዡ ያምራል፤ ቁጥሩ ግን ስህተት ነው። ራሱን በራሱ መስተዋት የሚያይ ሰው ፊቱ ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀው መስተዋቱ ደህና ከሆነ ብቻ ነው።

በኋላ ላይ የመጣ ማዘንበልን ግን ይኸው ሰንጠረዥ ሊያሳይ ይችላል፤ የሚያነበው ካለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዌስትጋርድ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ካወጧቸው ደንቦች አንዱ፣ ዐሥር ተከታታይ የኮንትሮል ውጤቶች ከመሃል መስመሩ በአንድ ወገን ብቻ ሲውሉ ይህ አጋጣሚ አይደለም፣ ማዘንበል ነው ይላል። ሁሉም ነጥቦች ገደቡን ሳያልፉ እንኳ ማለት ነው። ኮንትሮሉ ገደብ ውስጥ ነው ብሎ ሥራ ከመቀጠል በፊት ለዐሥር ቀናት ወዴት እንዳጋደለ ማየት ተገቢ ነው።

ታዲያ እውነተኛው ባያስ እንዴት ይለካል? ሦስት መንገዶች አሉ፤ ሦስቱም ከውጭ የመጣ ድንጋይ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው መጠኑ በታወቀ ተቋም የተረጋገጠ ናሙና ገዝቶ ደጋግሞ መለካት ነው። ሁለተኛው የታካሚዎችን ናሙና ከፍሎ ለላቀ ላቦራቶሪ በመላክ ውጤቱን ጎን ለጎን ማነጻጸር ነው፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ መጠን ያላቸው ቢያንስ አንድ ሃያ ናሙናዎች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ማሽን ለዝቅተኛው ትክክል ሆኖ ለከፍተኛው ሊያዘነብል ይችላልና። ሦስተኛው የውጭ ጥራት ምዘና ነው። በዚህ ዘዴ አንድ ማዕከል ተመሳሳይ ናሙና ለብዙ ላቦራቶሪዎች ይልካል፤ ሁሉም መጠኑን ሳያውቁ ለክተው ይመልሳሉ፤ ማዕከሉም እያንዳንዱ ምን ያህል እንደራቀ ይነግራቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ንጽጽሩ ተመሳሳይ ማሽን ካላቸው ጋር ብቻ ከሆነ ሁሉም በአንድነት ሊያዘነብሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከተረጋገጠ እውነተኛ መጠን ጋር ማነጻጸሩ የተሻለ ነው።

ማዘንበል ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከጥቃቅን ነገር ነው። ማሽኑን የምናስተካክልበት ካሊብሬተር ብዙ ጊዜ በዱቄት መልክ ይመጣና በተለካ ውሃ ይበጠበጣል። 5 ሚሊ ሊትር መጨመር ሲገባው ፒፔቱ የሰጠው 4.8 ቢሆን፣ ካሊብሬተሩ 4 በመቶ ያህል ይወፍራል። ማሽኑ ግን በጽሑፉ ላይ ያለውን መጠን አምኖ ይስተካከላል፤ ከዚያ በኋላ የሁሉም ታካሚ ውጤት 4 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሪኤጀንት ሲጠፋ በሌላ ምርት ተክቶ ካሊብሬሽን አለማድረግ፣ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ሞቆ ሪኤጀንቱ ኃይሉን ማጣቱ፣ የማሽኑ አምፖል ማርጀቱ፣ የውሃው ጥራት መጓደሉ ሁሉ ማዘንበልን ያመጣሉ። ማንም ሰው ሆን ብሎ ያደረገው ነገር የለም፤ ግን ማንም ካልለካው ማንም አያየውም።

አንድ ሌላ ዓይነት ማዘንበል አለ፤ ይህኛው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። በአንድ ክሊኒክ የተቀዳ ደም ለምርመራ ወደ ሌላ ማዕከል በሞተር ሳይክል ይላካል። ደም ሳይለይ በተለመደው የክፍል ሙቀት ሲቆይ ሕዋሳቱ ስኳሩን ይበሉታል፤ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ናሙናው ሁለት ሰዓት ከቆየ 130 የነበረው ወደ 115 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ማዕከሉ የኮንትሮል ሰንጠረዡን ቢመለከት ሁሉም ደህና ነው። ኮንትሮሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረ እንጂ መገናኛ ላይ በትራፊክ ተይዞ የቆየ አይደለምና። ደሙን በተቀዳበት ቦታ ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ መለየት ይህን ጉዳት ያስቀራል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤልክ እና ሰንደርማን የተባሉ ሐኪሞች በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ለሚገኙ ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት ናሙና ልከው ነበር። የተመለሱት ውጤቶች እጅግ የተራራቁ ሆነው አገኟቸው። የውጭ ጥራት ምዘና በስፋት የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔን ያሳሳተኝ ኤዋንሲም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው ትልቁ የስኳር ሕመም ጥናት ኤዋንሲን መቀነስ ከዓይንና ከኩላሊት ጉዳት እንደሚያድን አሳየ። ያኔ ግን አንድ ዓይነት ደም በተለያዩ ላቦራቶሪዎች የተለያየ ቁጥር ይሰጥ ነበርና፣ የጥናቱን ውጤት በየሀገሩ ለመጠቀም ሁሉም በአንድ ሚዛን መለካት ነበረበት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤንጂኤስፒ የተባለ የማስማሚያ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ዛሬ የኤዋንሲ ማሽኖች በእርሱ ይመሰከርላቸዋል። ገንዘቡንም ያሰሉ አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሪፖርት የካልሲየም ምርመራ በዴሲ ሊትር ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ማዘንበሉ ብቻ ሀገሪቱን በዓመት ከ60 እስከ 199 ሚሊዮን ዶላር ሊያስወጣ እንደሚችል ገምቷል። ወጪው ከአላስፈላጊ ድጋሚ ምርመራና ሕክምና የሚመጣ ነው።

በሀገራችንም መሠረቱ ተጥሏል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የውጭ ጥራት ምዘና ያካሂዳል። የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት አይኤስኦ 15189 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ለሚያሟሉ የሕክምና ላቦራቶሪዎች ዕውቅና ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በኪጋሊ ካስጀመረው፣ ላቦራቶሪዎች ደረጃ በደረጃ እስከ አምስት ኮከብ ከሚያድጉበት አሠራር ሀገራችን ተጠቃሚ ሆናለች። በቲቢ ምርመራ ረገድ የተነበበን ስላይድ ሌላ ባለሙያ ውጤቱን ሳያውቅ ደግሞ እንዲያነበው ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ይህ የሚያሳየው መንግሥትና ባለሙያው ሲተባበሩ የሌላውን ሥራ በቅንነት መፈተሽ እንደሚቻል ነው። ለቲቢ የሰጠነውን ጥንቃቄ ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለኮሌስትሮልና ለታይሮይድ ምርመራም የማንሰጥበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ የግል አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ማንኛውም የሕክምና ላቦራቶሪ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ለሚሰጣቸው ዋና ዋና ምርመራዎች ባያሱን በቁጥር ማወቅና ሲጠየቅ ማሳየት አለበት። በከተማችን የጤና ተቋማትን የሚቆጣጠረው አካልም ፈቃድ ሲያድስ የክፍሉን ስፋትና የማሽኑን ብዛት ብቻ ሳይሆን የውጭ ጥራት ምዘና ውጤትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱ ሲበላሽ የተወሰደውን የማስተካከያ እርምጃ ቢጠይቅ መልካም ነው። ማሽን አስመጪዎች መሸጥ ብቻ ሳይሆን ካሊብሬተርና ሪኤጀንት ሳይቆራረጥ የማቅረብ ግዴታ ይኑርባቸው። እኛ ሐኪሞችም ከቁጥሩ በፊት የላቦራቶሪውን ስም እናንብብ፤ ቁጥሩ ከታካሚው ሁኔታ ጋር ካልገጠመ መድኃኒት ከመለወጣችን በፊት ስልክ እንደውል።

«ይህ ወጪ ያበዛል፤ ትናንሽ ላቦራቶሪዎችን ይዘጋል» የሚሉ ይኖራሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ናሙና ከፍሎ ከጎረቤት ላቦራቶሪ ጋር ማነጻጸር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በቦሌ ወይም በየካ ያሉ አምስት ክሊኒኮች ተስማምተው በወር አንድ ቀን ቢለዋወጡ ማዘንበላቸውን ለመጠርጠር ይበቃቸዋል። «ውጤቱ ይፋ ከሆነ ደንበኛ ይሸሻል» የሚሉም አሉ። እኔ የምለው የማዘንበል መጠን ማሳፈሪያ እንዳይሆን ነው። የማያዘነብል ማሽን የለም። ሊያሳፍር የሚገባው ማዘንበሉ ሳይሆን አለመለካቱ ነው። ለክቶ «3 በመቶ ወደ ላይ አገኘን፣ አስተካከልን» የሚል ላቦራቶሪ «እኛ ጋ ስህተት የለም» ከሚለው ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

እርስዎስ ምን ማድረግ ይችላሉ? የስኳር፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድ ወይም የኮሌስትሮል ክትትል ካለብዎት በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ይመርመሩ። መቀየር ግድ ከሆነ ለሐኪምዎ «ይህ ከሌላ ቦታ ነው» ብለው ይንገሩ። የድሮ ወረቀቶችዎን አይጣሉ፤ በአንድ አቃፊ በቀን ተራ ያስቀምጡ። በጾም ለሚደረግ ምርመራ ከስምንት ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ሳይበሉ ይሂዱ፤ ደምዎ እዚያው እንደሚመረመር ወይም ሌላ ቦታ እንደሚላክ ይጠይቁ። ላቦራቶሪውን ደግሞ በትሕትና «የውጭ ጥራት ምዘና ትሳተፋላችሁ? የመጨረሻው ውጤታችሁ እንዴት ነበር?» ይበሉ። ጥያቄው ስድብ አይደለም። ሥራውን የሚወድ ባለሙያ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ውጤትዎ ከድንበር ቁጥሩ አጠገብ ከሆነ፣ በአንድ ወረቀት ብቻ የዕድሜ ልክ ውሳኔ አይወሰን፤ በሌላ ቀን ይደገም፤ ሐኪምዎ ከጠረጠረ ከሌላ ላቦራቶሪ ጋር ይመሳከር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህን ጽሑፍ አንብበው «ላቦራቶሪ ሁሉ ይሳሳታል» ብለው መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ። የጾም ስኳሩ 250 የሆነ ሰው 5 በመቶ ማዘንበል ስኳር ሕመሙን አያጠፋለትም። ማዘንበል ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው በድንበሩ ላይ ባሉ ቁጥሮች እና በክትትል ንጽጽር ላይ ነው። ጥርጣሬ ካለዎት መልሱ ያለው ከሐኪምዎ ጋር በመነጋገር እንጂ መድኃኒት በመጣል አይደለም።

እኒያ የገርጂው አባት ዛሬ ደህና ናቸው። የጨመርኩላቸውን መድኃኒት አንሥቻለሁ፤ ክትትላቸውም በአንድ ላቦራቶሪ ነው። ባለፈው ቀጠሯቸው ወረቀታቸውን ከማቀበላቸው በፊት በጣታቸው የላቦራቶሪውን ስም ጠቁመው «ዶክተር፣ መጀመሪያ ይህን ያንብቡ» አሉኝ። አነበብኩ። እርስዎም ሐኪምዎ እንዲያነብ ያድርጉ።

ቸር እንሰንብት።